ሜሲን ማን ሸኘው? የአንድ ናፍቆት ጉዳይ ጥናት

ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ሌሊት ሊዮኔል ሜሲ ሳይታሰብ የድሮ ክለቡ የባርሴሎና ስታዲየም ካምፕ ኑ ተገኘ። ከአንድ ቀን በፊት ፍሎሪዳ ነበር። የአሁኑ ክለቡ ኢንተር ማያሚ ናሽቪልን 4 ለ 0 ሲረታ ሁለቱን ጎል ያገባው እሱ ነው። ወደ ስፔን የበረረው ለአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድን ዝግጅት ነው። የቡድኑ ማረፊያ ግን አሊካንቴ እንጂ ባርሴሎና አልነበረም። እሱ በባርሴሎና በኩል አለፈ። እድሳቱ ገና ያላለቀውን ስታዲየም ገብቶ አየ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሄደ።

በማግስቱ ኢንስታግራም ላይ ጻፈ። በነፍሱ ወደሚናፍቀው ቦታ እንደተመለሰ ተናገረ። እጅግ ደስተኛ የነበረበት ቦታ እንደሆነ ጨመረ። አንድ ቀን እንደሚመለስም ተስፋ አደረገ። የሚመለሰው እንደ ተጫዋች ያላገኘውን ስንብት ለማግኘት ብቻ እንዳይሆንም ተመኘ።

በዚያ ሳምንት ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ኳስ በሚወራበት ሁሉ ክርክሩ ይሄ ነበር። አንዱ «ወዶ ሄዶ አሁን ምን ያስለቅሰዋል?» ይላል። ሌላው «እሱ መች ሄደ? ሸኙት እንኳ ሳይሉ አስወጡት እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ደካማ ሊግ ገብቶ ስለሰለቸው ነው ባይ ነው። የመጨረሻው አስተያየት በጣም ተሰምቷል። ዕድሜው የገፋ ኮከብ ወደ አነስተኛ ሊግ ይሄዳል፣ እዚያ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ የድሮ ክለቡን ያስታውሳል። ታሪኩ በዚህ መልክ ሲነገር ቀላል ነው።

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የሜሲን ጉዳይ በዝርዝር ማየት የፈለግሁትም ለዚህ ነው። የእሱ ታሪክ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ እጅግ ምቹ ነው። «ይሄ ጎድሎበት ነው» የምንላቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አግኝቷቸዋል። ናፍቆቱ ግን አልለቀቀውም።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው፤ «ዓ.ም.» የተባለባቸው ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

አወጣጡ

ሜሲ ባርሴሎና የገባው በ2000 ነው፣ የ13 ዓመት ልጅ ሆኖ። የእድገት ሆርሞን ሕክምና ያስፈልገው ነበር፤ ክለቡ ወጪውን ሊሸፍን ተስማማ። የመጀመሪያው ስምምነት የተጻፈው በወረቀት ናፕኪን ላይ ነው፣ ታኅሣሥ 2000። ያቺ ናፕኪን በ2024 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ700 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሽጣለች። ልጁ በዚያ ቤት አደገ። በ778 ጨዋታ 672 ጎል አገባ። ቁጥሮቹን እዚሁ ልተዋቸው፤ ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቃቸዋል።

መበላሸት የጀመረው በ2020 ነው። ነሐሴ ላይ ባየርን ሙኒክ ሊዝበን ውስጥ ባርሳን 8 ለ 2 አሸነፈ። በዚያው ወር ሜሲ መልቀቅ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ለክለቡ ላከ። ክለቡ 700 ሚሊዮን ዩሮ የሚለውን የውል ማፍረሻ አንቀጽ ጠቀሰ። ሜሲ የሕይወቴን ክለብ ፍርድ ቤት አልገትርም ብሎ ቀረ። በመስከረም የቅርብ ጓደኛው ሉዊስ ሱዋሬዝ ከክለቡ ተሰናበተ። አሠልጣኙ አንተ በእቅዴ የለህም ያለው በአጭር የስልክ ጥሪ ነው። ሜሲ ያን ጊዜ በይፋ ተቆጣ። ጓደኛው እንዲህ መባረር እንደማይገባው ጻፈ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንደማያስደንቀውም ጨመረ።

የሚገርመው ግን በሚቀጥለው ዓመት ሐሳቡን ቀየረ። መቆየት ፈለገ። መጋቢት 2021 ሁዋን ላፖርታ የክለቡ ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ። ሰኔ 30 ውሉ አለቀ። ሐምሌ ላይ ከአርጀንቲና ጋር ኮፓ አሜሪካን ወሰደ። ከእረፍት ሲመለስ ለመፈረም ተዘጋጅቶ ነበር፣ ደመወዙንም በግማሽ ለመቀነስ ተስማምቷል። ነሐሴ 5 ክለቡ አልተቻለም አለ።

ለምን አልተቻለም? የስፔኑ ሊግ ላሊጋ ለእያንዳንዱ ክለብ የወጪ ጣሪያ ያወጣል። ጣሪያው በክለቡ ገቢ ይወሰናል። የባርሳ ዕዳ ያን ጊዜ 1.35 ቢሊዮን ዩሮ እንደሆነ ላፖርታ ራሳቸው ተናግረዋል። የሜሲ ውል ሲደመር የደመወዝ ወጪው ከክለቡ ገቢ 110 በመቶ ይደርስ ነበር። ያለ እሱም 95 በመቶ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ቀን አይደለም። ክለቡ ለዓመታት ከአቅሙ በላይ ሲገዛና ሲከፍል ኖሯል፤ ሂሳቡ የተጠየቀው ሜሲ ለመፈረም በተቀመጠበት ሰዓት ነው።

ነሐሴ 8 ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ አለቀሰ። ባለቤቱ መሐረብ ሰጠችው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የቡድን ጓደኞቹ ነበሩ፣ ቤተሰቡ ነበር። ደጋፊ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። ሜሲ በባርሳ ማልያ ካምፕ ኑ ውስጥ በደጋፊ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው መጋቢት 7 ቀን 2020 ነው። ተጋጣሚው ሪያል ሶሲዳድ ነበር፣ ውጤቱ 1 ለ 0፣ ጎሉን በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው እሱ ነው። ከዚያ ኮቪድ መጣና ስታዲየሙ ለደጋፊ ተዘጋ። የመጨረሻ ጨዋታው የተደረገው ግንቦት 16 ቀን 2021 ነው፣ ከሴልታ ቪጎ ጋር፣ በባዶ ወንበር ፊት። አንድ ጎል አገባ፣ ባርሳ 2 ለ 1 ተሸነፈ። የመጨረሻው መሆኑን ያወቀ አልነበረም፣ እሱም ጭምር። ከ20 ዓመት በላይ የኖረበትን ቤት የለቀቀው እንዲህ ነው።

ቁስሉ ላይ ጨው የጨመረ ነገርም ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ላፖርታ በመጨረሻ ሰዓት ሜሲ በነፃ እጫወታለሁ ይላል ብለው ተስፋ አድርገው እንደነበር ተናገሩ። ሜሲ መለሰ። ደመወዝ እንዲቀንስ ተጠይቆ በግማሽ መቀነሱን፣ በነፃ ተጫወት ብሎ የጠየቀው ሰው ግን እንደሌለ ገለጸ። ፕሬዝዳንቱ ንግግሩን ባያደርጉት ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከባርሳ ወጥቶ የገባበትን የፓሪሱን ክለብ ፒኤስጂን በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ዓመት ቆየ፣ ሁለት የሊግ ዋንጫ አነሳ፣ ሪያል ማድሪድ ከቻምፒየንስ ሊግ ካስወጣቸው በኋላ የገዛ ደጋፊው ጮኸበት። በመሐል ኳታር ላይ የዓለም ዋንጫን ወሰደ። ሰኔ 2023 ወደ ማያሚ እንደሚሄድ ሲናገር መጀመሪያ የፈለገው ባርሳን እንደነበር አልደበቀም። ነገር ግን ለእሱ ቦታ እንዲገኝ ክለቡ ተጫዋቾች መሸጥ ወይም ደመወዝ መቀነስ እንዳለበት ሰምቷል። 2021 እንዳይደገምበት ፈራ። የራሱን ዕጣ በሌላ ሰው እጅ ላለመተው ወሰነ።

ማያሚ ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው?

ኢንተር ማያሚ በሊጉ መጫወት የጀመረው በ2020 ነው። ሜሲ ሲደርስ በምድቡ የመጨረሻ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 2023 በመጀመሪያ ጨዋታው ክሩዝ አዙል ላይ በጭማሪ ሰዓት በቅጣት ምት አገባ። ሊግስ ካፕ በሚባለው በዚያው ውድድር በሰባት ጨዋታ አሥር ጎል አስቆጠረ፣ ዋንጫውንም ወሰዱ።

ከዚያ ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። ሰርጂዮ ቡስኬትስና ጆርዲ አልባ በዚያው ክረምት ደረሱ። ሱዋሬዝ ለ2024 መጣ። የመጀመሪያው አሠልጣኙ ታታ ማርቲኖ ቀድሞ ባርሳን ያሠለጠነ ነው። እሱ ሲሄድ የተተካው ሃቪየር ማሼራኖ የባርሳ ተከላካይ የነበረ ነው። ሮዝ ማልያ ለብሳ ሐሩር አገር ላይ የምትጫወት ትንሽ ባርሳ ተፈጠረች። አልባ በግራ ሲሮጥ ሜሲ ቀና ሳይል ኳሷን ይልክለታል። አልባም መልሶ ወደ ሳጥኑ ጫፍ ይሰጠዋል። ያንን ጎል ስንት ጊዜ አይተነዋል!

አዲስ አበባ ላይ ግን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ይሄንን የምጽፈው ለጨዋታ ማድመቂያ አይደለም፤ ጉዳዩን ለመረዳት ይጠቅማል። ባርሳ ሲጫወት የቻምፒየንስ ሊግ ምሽት በእኛ ሰዓት 4 ወይም 5 ሰዓት ነበር። ዲኤስቲቪ ቤቶቹ ይሞላሉ። ለመግቢያ ከፍለህ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተህ ትቀመጣለህ። የማያሚ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ከ2023 ጀምሮ የሚተላለፈውም በአፕል ቲቪ በኢንተርኔት ነው፣ በዲኤስቲቪ አይደለም። ስለዚህ የመሐል ከተማው ደጋፊ ሜሲን አሁን የሚያገኘው ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነው፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ፣ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ። ጎሉ አለ፣ ጨዋታው የለም። አብሮ የሚጮህ ሰውም የለም።

ደጋፊው ያጣው ይሄን ነው። ተጫዋቹስ? እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ጓደኞቹን ነው የናፈቀው እንዳንል፣ ካምፕ ኑ በሄደበት ሳምንት ሱዋሬዝ፣ ቡስኬትስና አልባ ሦስቱም የማያሚ ተጫዋቾች ነበሩ። ማሼራኖ አሠልጣኙ ነበር። ድል ጠፍቶበት ነው እንዳንል፣ ማያሚ በ2024 በ74 ነጥብ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሯል። እሱም በ2025 በ29 ጎል ኮከብ አግቢ ነበር። በሊጉ ተሰላችቶ ለመውጣት ፈልጎ ነው እንዳንል፣ ጥቅምት 23 ቀን 2025 እስከ 2028 የሚያቆየውን ውል ፈርሟል። ካምፕ ኑ የሄደው ከፈረመ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ነው። መሄድ የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይፈርምም። የገንዘቡን ነገር ማንሳትም አያስፈልግም።

የሚቀረው አንድ ነገር ነው፣ እሱም በራሱ መልእክት ውስጥ አለ። ስንብቱ። በዚያው ወር ለስፔን ጋዜጣ በሰጠው ቃለ መጠይቅም የመጨረሻዎቹን ጊዜያት ያለ ሕዝብ ተጫውቶ መውጣቱ እንግዳ ስሜት እንደተወበት ተናግሯል። እኔ ሰውየውን ማመን ይሻላል ባይ ነኝ። የሊጉን ደረጃ እያነሳን ሌላ ምክንያት የምንፈልግለት ለምንድን ነው?

ሌሎቹ እንዴት ወጡ?

የባርሳ አማካይ የነበረውን አንድሬስ ኢኒዬስታን ውሰዱ። ግንቦት 20 ቀን 2018 ከሶሲዳድ ጋር ተሰናበተ። ስታዲየሙ ሙሉ ነበር። ሁሉም ከሄደ በኋላ ብቻውን፣ ባዶ እግሩን፣ ሜዳው መሐል ሌሊት ድረስ ተቀመጠ። ከዚያ ጃፓን ሄደ፣ ቪሰል ኮቤ፣ ከሜሲ ሊግ የማይሻል ሊግ። ዓመታት በሰላም ተጫወተ። ኢኒዬስታም ሜሲም በምሽት ባዶ ካምፕ ኑ ውስጥ ፎቶ አላቸው። የኢኒዬስታ የተነሳው ሕዝቡ ከሸኘው በኋላ ነው። የሜሲ የተነሳው ማንም ሳይሸኘው ነው።

ቡስኬትስና አልባም ተሸኝተዋል። ግንቦት 28 ቀን 2023 ባርሳ ማዮርካን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ካምፕ ኑ ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ሁለቱ በዚያ ቀን በሕዝብ ፊት ተሰናበቱ። ከሁለት ወር በኋላ ሜሲ ያለበት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገቡ። እነሱ የተቀበሉትን እሱ አልተቀበለም።

የቶማስ ሙለር ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ያደገበት ባየርን በ2025 ውሉን እንደማያድስለት ነገረው። እሱ መቆየት ይፈልግ ነበር። ክለቡ ግን ነገሩን ሚያዝያ ላይ በይፋ አሳወቀ፣ ስለዚህ ግንቦት 10 በሜዳቸው ከግላድባህ ጋር ሲጫወቱ ደጋፊው እያወቀ መጣ። ዋንጫ ይዞ ወጣ። ከዚያ ቫንኩቨር ሄደ፣ ያው የሜሲ ሊግ። ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. የሊጉ ፍጻሜ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ጨዋታው ለእኛ ደህና ሰዓት ላይ ነበር፣ ምሽት 4 ሰዓት ተኩል። ማያሚ 3 ለ 1 አሸነፈ። ቡስኬትስና አልባ በዚያው ጨዋታ ጫማቸውን ሰቀሉ። ሙለር ያ የሊዝበን 8 ለ 2 ላይ ሁለት ጎል ያገባ ሰው መሆኑን ያስታወሰ የባርሳ ደጋፊ በዚያ ምሽት ትንሽ ተጽናንቷል።

መመለስ ይፈውሳል ወይ? ክሪስቲያኖ ሮናልዶ ሞክሮታል። በ2021 ማንችስተር ዩናይትድ ተመለሰ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ኒውካስል ላይ ሁለት ጎል አገባ፣ ኦልድ ትራፎርድ ጮኸ። በኅዳር 2022 በጠብ ተለያዩ፣ ወደ ሳውዲ አል ናስር ሄደ። እሱ የናፈቀው ክለብ ቀድሞውኑ አልነበረም፤ አሠልጣኙም፣ ተጫዋቾቹም፣ አስተዳደሩም ተቀይሯል። ስለዚህ ሜሲ በ36 ዓመቱ ባርሳ ባለመመለሱ አላዝንም። የጎደለው ስንብት እንጂ ተጨማሪ የውድድር ዓመት አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፣ ነዋሪው ዳር ዳር ወዳሉ ሰፈሮች ሄደ። አንዳንዱ ከበፊቱ የተሻለ ቤት አግኝቷል፣ ውሃና መጸዳጃው ውስጡ የሆነ። እሑድ ሲሆን ግን ጊዮርጊስ ለማስቀደስ መጥቶ በእግሩ ወደ ድሮ ሰፈሩ ይወርዳል። እድሩ ተበትኗል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በወጉ ሳይሰነባበት ተለያይቷል። እነዚህን ሰዎች «አዲሱ ሰፈር አልተመቻችሁም ማለት ነው» ብንላቸው ይቀየማሉ፤ ልክ ናቸው።

በእኛው ሊግም ነገሩ ያው ነው። ውል በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ክረምት ላይ ያልቃል፣ ተጫዋቹ ሌላ ክለብ ይፈልጋል፣ ደጋፊው መሄዱን ከዝውውር ዜና ይሰማል። የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ በመሆኑ የሸገር ክለቦች ዓመታትን በሌሎች ከተሞች ሲጫወቱ ቆይተዋል። የጊዮርጊስን ወይም የቡናን ክለብ ለዓመታት አገልግሎ የወጣ ልጅ በገዛ ደጋፊው ፊት አንድ ዙር ሜዳውን ሳይዞር ቀርቷል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳንበት ሜዳ ነው። እሱ ሲከፈት የእነዚህን ልጆች ስም ጠርቶ የሚያስጨበጭብ ክለብ ካለ እኔ ከፊት ወንበር እገኛለሁ።

አሁን ያለው ዕድል

ላፖርታ ሜሲ ካምፕ ኑ ከተገኘበት ምሽት በኋላ እሱ እንደ ተጫዋች ይመለሳል ማለት ከእውነታው የራቀ እንደሆነ ተናገሩ። የክብር ጨዋታ ግን በሞላ ስታዲየም ቢደረግ ደስ እንደሚላቸው ገለጹ። የመጀመሪያው ትክክል ነው። በሁለተኛው ላይ ያለኝ ቅሬታ «በሞላ» የሚለው ነው። ካምፕ ኑ እድሳቱ ሲያልቅ ወደ 105,000 ሰው ይይዛል። ያን መጠበቅ ማለት ዓመታት መጠበቅ ነው።

የአሜሪካው ሊግ በየካቲት ተጀምሮ በታኅሣሥ መጀመሪያ ያልቃል። በመሐል ያሉት ሳምንታት ለማያሚ እረፍትና ዝግጅት ናቸው። ከ2027 አጋማሽ ጀምሮ ሊጉ ወደ አውሮፓ ዓይነት የጊዜ ሰሌዳ ይዞራል፣ ያኔም ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ የብርድ ወቅት እረፍት ይኖራል። ስለዚህ ባርሳ በጥር አንድ ባዶ ረቡዕ ካገኘ ማያሚን ለወዳጅነት ጨዋታ መጋበዝ ይችላል። ሜሲ ገና ይሮጣል፣ ገና ያገባል። በ2028 ግን 41 ዓመት ይሆነዋል።

ባርሳ ኅዳር 22 ቀን 2025 ወደ ካምፕ ኑ ሲመለስ አትሌቲክ ቢልባኦን 4 ለ 0 ያሸነፈው ከ45,000 በላይ ሰው ባለበት ነው። ለስንብት ይሄ ቁጥር ይበቃል። መጋቢት 2020 ላይ እዚያ ተቀምጠው ያ የመጨረሻው መሆኑን ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ከሄዱት መጀመር ይቻላል። ክለቡ ትኬቱን ለእነሱ ቅድሚያ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።